ያልታረቀው ፍሬን

አንድ ሹፌር በገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አምሳሉ ነው። ሥራው በሚኒባስ ሰው አሳፍሮ ከደጋው ከተማ ወደ ቆላው ገበያ ማውረድ፣ ከቆላው ደግሞ መልሶ ማውጣት ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲሆን «ስመህ ውረድ» ይሉታል። በቁልቁለቱ ራስ ላይ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። ሹፌር ሁሉ እዚያ ሲደርስ መኪናውን ያቆማል፤ ተሳፋሪው በመስኮት ይሳለማል፤ ከዚያ በኋላ ይወረዳል። ይህን ስም ያወጣው ሰው መንገዱን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነበር።

እዚህ ቁልቁለት ላይ መብራት ባይሠራ በቀን ይኬዳል። ጥሩምባ ባይሠራ በመስኮት ይጮኻል። ሞተር ቢጠፋ እንኳ መኪናው በራሱ ይወርዳል። ፍሬን ከሌለ ግን የሚቀረው መሳለም ብቻ ነው።

በዚያች ከተማ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ባለጋራዥ ነበሩ። ፍሬን በመሥራት የሚያህላቸው አልነበረም። ሰዉ ሲቀልድ «ሽብሩ የነካው ፍሬን መልአከ ሞትንም ያቆማል» ይል ነበር። ለአምሳሉ ደግሞ ከባለጋራዥ በላይ ነበሩ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሲሞትበት ጋራዣቸው ውስጥ ያሳደጉት፣ መሪ ያስያዙት፣ ሲያገባም በአባት ቦታ የቆሙለት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አምሳሉ ዕድሜውን ሙሉ ጋሽ ሽብሩን «አይ» ብሏቸው አያውቅም። መጥፎውም ነገር የሚጀምረው ከዚሁ ከመልካሙ ነገር ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የሚኒባሱ የፊት ዲስኮች አለቁ። ዲስክ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ክብ ብረት ነው። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የፍሬኑ ሸራ ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ይይዘዋል፤ መኪና የሚቆመው በዚህ ነው። ጋሽ ሽብሩ አዲስ ዲስክ ራሳቸው አስመጥተው፣ «ኦርጅናል ነው፣ እንደዚህ ያለ ዕቃ አይገኝም» ብለው በሰው ፊት አወድሰው ገጠሙለት።

ሲገጥሙ ግን አንድ ነገር አይተዋል። ዲስኩን በእጃቸው ሲያሽከረክሩት አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጠበቅ ይላል። ወልገድ ያለ ነበር። አውልቀው መመለስ ይችሉ ነበር። ነገር ግን «ኦርጅናል ነው» ያሉት ቃል ከአፋቸው ወጥቶ ግቢውን ሞልቶት ነበርና ማጠፉ አሳፈራቸው። ሸራው ሲበላው ይስተካከላል ብለው ለራሳቸው ነገሩ፤ ጎማውን መልሰው አሰሩ።

አምሳሉ በመጀመሪያው ቀን ቁልቁለቱን ሲወርድ መሪው እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ፔዳሉም ከታች እግሩን ይመታው ጀመር። ሲመለስ ቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ።

«ጋሼ፣ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል።»

«አዲስ አይደል እንዴ?» አሉ ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ሸራውና ዲስኩ ገና አልተዋወቁም። ትንሽ ንዳው፤ ይላመዳል።»

«ቁልቁለቱ ላይ እኮ ነው የሚብስበት።»

«አንተ ልጅ፣ መሪ ማን አስያዘህ?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው ይላመዳል ስልህ ይላመዳል።»

እውነት ለመናገር አዲስ ሸራ ጥቂት መላመድ ይፈልጋል፤ ይህን መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። አደገኛ ውሸት ደግሞ ሁልጊዜ በእንዲህ ያለች ትንሽ እውነት ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው። አምሳሉ አመስግኖ ሄደ።

አልተላመደም። ተመልሶ ሲመጣ ጥፋቱ የጎማው ሆነ። ጎማ አስተካክሎ ሲመጣ የመንገዱ ሆነ። ሌላ ጊዜ የጭነቱ ሆነ። በመጨረሻ ጋሽ ሽብሩ ተቆጡና «የአንተ እግር ከባድ ነው! ፍሬን እንደ ጠላት አይረገጥም!» አሉት። ከዚያ ወዲያ አምሳሉ ወደ ጋራዡ በር ሲቃረብ እግሩ ይከብደው ጀመር፤ ምናልባትም እውነታቸውን ነው፣ እግሬ ነው ጥፋተኛው እያለ ራሱን ይጠራጠር ነበር። በደል ያደረሰብህ ሰው የምትወደው ሰው ሲሆን መጀመሪያ የምትጠረጥረው ራስህን ነው።

ሚስቱ እቴነሽ ግን አልተጠራጠረችም። ማታ ራት ሲበሉ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለችው።

«መሪው ነው። ከወረድኩ በኋላም እጄ ላይ ይቀራል።»

«ታዲያ ከከተማው ዳር ያለው ጋራዥ ለምን አትወስደውም?»

«እቴነሽ! ጋሼ እያሉ? ሰውስ ምን ይለኛል?»

«ሰው ምን እንደሚልህ አላውቅም። እኔ ግን ልጆችህን ይዤ ምን እንደምል አላውቅም።»

ይህ ንግግሯ አንጀቱን በላው። በማግስቱ ሚኒባሱን ይዞ ወደ ሌላኛው ጋራዥ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ሁለት የሚያውቁት ሰዎች ቆመው «ምነው አምሳሉ፣ ከጋሽ ሽብሩ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። ደነገጠ። «አይ፣ መንገድ ስቼ ነው» አለና መኪናውን አዞረ። በተወለደበት ከተማ መንገድ የሳተ ሹፌር ሆነ። ዲስኩን ማንም ሳያይለት ተመለሰ።

ወሬው ግን ከሚኒባሱ ቀድሞ ጋራዡ ደረሰ። ጋሽ ሽብሩ በጣም አዘኑ። ሰላምታ ነሱት። «አሳድጌው፣ ድሬው፣ ስሜን በአደባባይ አጠፋው» እያሉ ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ሲናገሩትም ከልባቸው ነበር፤ የተጣመመውን ዲስክ እስከመርሳት ደርሰው ነበር። የሰው ልጅ የበደለውን ለመርሳት ፍቱን መድኃኒቱ መቀየም ነው።

ነገሩ ሳይካረር ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት እዚያው ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነበር። ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር በአምሳሉ ሚኒባስ ጥላ ሥር ሣጥንና አሮጌ ጎማ ተደርድሮላቸው ተቀመጡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ድንቁ ይባላሉ። ስንቱን የተጣላ ባልና ሚስት፣ ስንቱን የድንበር ጠብ ያበረዱ የተከበሩ ሰው ናቸው። ጀርባቸውን ስለሚያማቸው የሚኒባሱን የፊት ጎማ ተደገፉ። ያ የተወላገደ ዲስክ ያለው እዚያው ከጀርባቸው ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ ቢሰዱ ይነኩት ነበር።

ጋሽ ሽብሩ ሐዘናቸውን ተናገሩ። ተራው ሲደርሰው አምሳሉ ተነሥቶ፣

«አባቶቼ፣ እኔ ጋሼን አልተጣላሁም። የእኔ ነገር ፍሬኑ ነው። እስቲ እናንተም ባላችሁበት ጎማው ይፈታና ዲስኩን እንየው» አለ።

አባ ድንቁ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«ልጄ፣ እኛ የመጣነው ሰው ልናስታርቅ ነው፤ ብረት ልናስታርቅ አይደለም።»

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ሽብሩም ሳቁ። አምሳሉም፣ ምን ያድርግ፣ ሳቀ።

ፍርዱ አጭር ነበር። አንተ ታናሽ ነህ፤ ጉልበት ስመህ ይቅርታ ጠይቅ። አንተም ሽብሩ አባት ነህ፤ ይቅር በል። አምሳሉ ጎንበስ ብሎ የጋሽ ሽብሩን ጉልበት ሳመ። ጋሽ ሽብሩ ብድግ አድርገው አቀፉትና አለቀሱ፤ እንባቸው የእውነት እንባ ነበር። ሽማግሌዎቹ «መንገድህ የቀና ይሁን! ከክፉ ይሰውርህ! ገብተህ ውጣ!» ብለው መረቁት። «አሜን» ተባለ። ሰው ታረቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ጎንበስ ብሎ ወደ ጎማው ያየ አልነበረም፤ ጎንበስ ያለው አምሳሉ ብቻ ነው፤ እሱም ጉልበት ለመሳም ነው።

ከእርቁ በኋላ ነገሩ ባሰ። ከእርቁ በፊት አምሳሉ ቢያንስ ማጉረምረም ይችል ነበር። አሁን ግን ስለ ፍሬኑ አፉን ቢከፍት እርቅ አፍራሽ ይባላል። ወደ ሌላ ጋራዥ ቢሄድ የሽማግሌ ቃል ናቀ ይባላል። ሽማግሌ የናቀ ደግሞ በዚያ አገር ሲሞት የሚቀብረው አያገኝም ይባላል። ስለዚህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ።

ቀስ በቀስም መላው ጠፍቶ አልቀረም። ከኩርባው ገና ሩቅ ሳለ ፍሬን መያዝ ለመደ። ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩን እያስጮኸ መውረድ ለመደ። መሪውን እንደሚወራጭ ሕፃን በሁለት እጁ አጥብቆ መያዝ ለመደ። የፈራ ተሳፋሪ «ሹፌር፣ ምንድነው የሚንቀጠቀጠው?» ብሎ ሲጠይቀው «አዲስ ዲስክ ነው፤ ይላመዳል» እያለ ይመልስ ጀመር። ቃሉን በጋሽ ሽብሩ ድምፅ ነበር የሚለው። ተሳፋሪውም ይህን ሰምቶ ይረጋጋል። ዲስኩ ከሸራው ጋር አልተላመደም፤ የተላመደው አምሳሉ ነው።

እቴነሽ ግን አልለመደችም። ሚኒባሱ ግቢ ገብቶ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ መንገድ ላይ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ሽብሩ ልጃቸውን ሊድሩ አሰቡ። የተመረጠችው ልጅ ቆላ ናት። አባ ድንቁና ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ሊጠይቁ እንዲወርዱ ተወሰነ፤ ጋሽ ሽብሩም ቆላ ባለ ዘመድ ቤት ሆነው መልሱን ሊጠብቁ አብረው ሊሄዱ ተነሡ። ታዲያ ማን ያውርዳቸው? «ልጄ አምሳሉ እያለ ማን ይነዳል!» አሉ ጋሽ ሽብሩ። የእርቁ ማሳያ ነበር። ሰዉ ሁሉ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ሊወጣ ሲል እቴነሽ በሩ ላይ ያዘችው።

«ዛሬ አጠገብህ ነው የሚቀመጡት። መሪው ሲንቀጠቀጥ በዓይናቸው ያያሉ። ዛሬ ንገራቸው።»

«በሽማግሌ ፊት? በደስታቸው ቀን?»

«ታዲያ በሐዘናቸው ቀን ልትነግራቸው ነው?»

አምሳሉ ቁልፉን ይዞ ወጣ። ነጭ ጋቢ የለበሱትን ሽማግሌዎች ከኋላ አስቀመጠ፤ ጋሽ ሽብሩን ከፊት። ገብርኤል ደጃፍ ሲደርሱ ቆመ፤ ሁሉም ተሳለሙ፤ ቁልቁለቱን ጀመሩት።

በመጀመሪያው ኩርባ ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ሽብሩ የአምሳሉን እጆች አዩ። ለሌላ ሰው እጅ ነው፤ ለፍሬን ሠሪ ግን እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ነገር ነው። ዲስኩ መጣመሙን ብቻ ሳይሆን ግለቱ እንደጎዳው፣ ምናልባትም መሰንጠቅ እንደጀመረ ገባቸው። ማለት ያለባቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አቁም» ቢሉ ይበቃል። ግን አቁም ካሉ ሽማግሌዎቹ «ለምን?» ይላሉ። ለምን ሲባሉ ደግሞ መልሱ ያ እርቅ፣ ያ ጉልበት መሳም፣ ያ እንባ ሁሉ በተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት ማለት ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባቸው።

አምሳሉ በዓይኑ ቂጥ አያቸው። ከኋላ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ ይታይዎታል?» አለ።

ጋሽ ሽብሩ ወደ ገደሉ እያዩ፣

«ማርሹን ዝቅ አድርገህ ያዘው» አሉ።

አምሳሉም ከዚህ መልስ አንድ ነገር ተረዳ። ያውቃሉ። ድሮም ያውቁ ነበር። አሁን ሞት አጠገባቸው ተቀምጦ እንኳ አይናገሩም።

ከኋላ አባ ድንቁ ደስ ብሏቸው፣ «አባትና ልጅ ምን ትንሾካሾካላችሁ? እርቅ እንዲህ ሲያምር!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መሽተት ጀምሮ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ሽታውን ለመሸሽ መስኮት ከፈቱ፤ ምንድነው ብለው ግን አልጠየቁም። ደስታው እንዳይደፈርስ ይሆናል።

ከመጨረሻዎቹ ኩርባዎች በአንዱ ላይ ከፊት ጎማው በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አምሳሉ ፍሬኑን ረገጠ። ፔዳሉ ምንም ሳይዝ ወለሉ ድረስ ወረደ። በቀኝ በኩል ገደል ነው፤ በግራ በኩል ዓለት ነው። አምሳሉ «አጥብቃችሁ ያዙ!» ብሎ ጮኸና መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። በግራ በኩል የተቀመጠው እሱ ነው። ያን የሚንቀጠቀጥ መኪና በራሱ ጎን ዓለቱ ላይ አስደግፎ አቆመው። ፍሬኑ ማቆም ያቃተውን በገዛ አካሉ አቆመው።

ከሽማግሌዎቹ ክንዳቸው የተሰበረ፣ ጎናቸው የተጎዳ ነበሩ፤ ግን ሁሉም ተረፉ። ጋሽ ሽብሩ ግንባራቸው ላይ ጫር ከማለት በቀር ምንም አልሆኑም። አምሳሉ ሞተ።

ከተማው ሁሉ ለቅሶ ወጣ። ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ደረታቸውን እየደቁ «ልጄን! ልጄን!» ሲሉ ያየ ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ። ግን ለቅሶው መካከል ሌላ ወሬ ይሰማ ጀመር። «ፈጥኖ ነድቶ ነው አሉ። እንዲያውም ሽማግሌ ጭኖ እንዲያ ይበራል? እግሩ ድሮም ከባድ ነበር አሉ።» ሌላው ደግሞ «ተዉት እባካችሁ፤ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። ስለ ፍሬን የሚያነሣ የለም፤ ምክንያቱም ፍሬኑን ጋሽ ሽብሩ ሠርተውታል፤ ጋሽ ሽብሩ የሠሩት ፍሬን ደግሞ መልአከ ሞትን ያቆማል።

እቴነሽ ይህን ሰማች። ባሏን አንድ ጊዜ ገድለው አልበቃቸውም፤ ስሙን ደግሞ ሊቀብሩት ነው። ልጆቿ «ሽማግሌ ሊገድል የነበረው ሹፌር ልጆች» ተብለው ሊያድጉ ነው። ሐዘኑ ሳይወጣ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠችበት ተነሣችና ጋሽ ሽብሩ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ካሣ አልፈልግም። ፍርድ ቤትም አልሄድም። አንድ ነገር ብቻ ይበሉልኝ። አምሳሉ ፈጥኖ ነድቶ አይደለም፣ ፍሬኑ ነው ብለው በዚህ ሰው ፊት ይናገሩልኝ።»

ጋሽ ሽብሩ ቀና አሉ። እዚያ የነበረ ሰው እንደሚለው ሊናገሩ ነበር። ብድግ ብለው «እኔ...» ድረስ ብለዋል። እጃቸው በፋሻ የታሰረው አባ ድንቁ አጠገባቸው ነበሩ፤ በደህናው እጃቸው የጋሽ ሽብሩን ጋቢ ይዘው ሳብ አደረጓቸው።

«ተው ሽብሩ፣ ተቀመጥ። በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን አይጨመርም።»

ጋሽ ሽብሩ ተቀመጡ።

አባ ድንቁ ወደ እቴነሽ ዞሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር።

«ልጄ፣ የሞተ በንግግር አይነሣም። ሽብሩም ልጁን ነው ያጣው። ከሱ ጋር ብትጣዪ ማን ይቀርሻል? አሁን የማያልፍ ይመስልሻል እንጂ፣ ሐዘን እኮ ይለመዳል።»

እቴነሽ ይህን ቃል ስትሰማ ደንግጣ ቆመች። ከዚያ ከ«ይላመዳል» የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። ለብረቱ ይላመዳል አሉት፤ ለእሷ ይለመዳል አሏት።

«አዎ አባቴ፣ ይለመዳል» አለች። «አምሳሉም ለምዶት ነው የሞተው።»

ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። አንድ ሰው መሬት መሬት እያየ አሳለ፤ ሌላው ስለ ዝናብ አወራ፤ ድንኳኑ እንደገና በጨዋ ወሬ ተሞላ።

ምናልባት አንባቢ መጨረሻው ላይ እውነት የሚወጣ መስሎት እዚህ ድረስ አንብቦ ይሆናል። አልወጣም። ጋሽ ሽብሩ ጋራዣቸውን ጥቂት ጊዜ ዘግተው ከፈቱት። በየዓመቱ ለአምሳሉ ተዝካር በግ ይልካሉ። እቴነሽ በጉን መቀበሏን ሰው ያያል፤ ስታሳርደው ግን የበጉ ሥጋ በአፏ እንደማይዞር የሚያዩት ልጆቿ ብቻ ናቸው። የከተማው ሹፌሮችም ዛሬም ፍሬናቸውን የሚያሠሩት እዚያው ነው። ለምን ቢባሉ፣ ሌላ ጋራዥ መሄድ ጋሽ ሽብሩን መወንጀል ይሆናል፤ የቆሰለ ሰው መውቀስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉም እየተሳለሙ ይወርዳሉ። አንዳንዱ መሪ ይንቀጠቀጣል። ተሳፋሪው ሲጠይቅ ሹፌሩ «ይላመዳል» ይላል።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ምሳሌው ይህ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ነግረውናል፤ እኛ ግን ቅጠሉን እሳቱን ለማጥፋት ሳይሆን ጭሱን ለመሸፈን ነው የቆረጥነው። እርቅ ቅዱስ ነገር ነው። ነገር ግን የተጣሉትን ሰዎች አቃቅፎ፣ ያጣላቸውን ነገር እንዳለ ትቶ የሚበተን እርቅ እርቅ አይደለም፤ የአደጋው ቀጠሮ ነው። ብረት ይሉኝታ አያውቅም። ጉልበት ቢሳምለት አይቃናም፤ ምርቃት ቢዘንብለት አይጠገንም። የተጣመመውን ተጣሟል ለማለት ያፈረ አገር ቀጥ ያሉ ልጆቹን ይቀብራል። የመጀመሪያው ጥፋት የጋሽ ሽብሩ ነው፤ ሁለተኛው ግን ጎማውን ተደግፈን የሳቅነው የሁላችን ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ስናገር መፍትሔ ይዤ አይደለም። ሽማግሌዎቹ እንደኛ ሰዎች ናቸው፤ ባለጋራዡም እንደኛ ነው፤ ይህ ነው ተስፋ የሚያስቆርጠው። ብቻ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁና ለምታውቁት ሰው አቀብሉት። በቤታችሁ፣ በሥራችሁ፣ በሰፈራችሁ «ይላመዳል» ተብሎ የተተወ ምንድነው? እስኪላመድ ድረስ መሪውን አጥብቆ የያዘውስ ማነው? እጁን አይታችሁታል?